ሐሰተኛው ጎሕና እውነተኛው ጎሕ፦ የዩኒቨርስን የመጀመሪያ ንጋት ፍለጋ



በረመዷን ሌሊት ሱሑሩን እየበላ ሰዓቱን የሚያይ ሰው ሁሉ አንድ ነገር ያውቃል፤ ጎሕ ሁለት ነው። አንዱ ያታልላል፣ ሌላው እውነቱን ይናገራል። ዑለማዎቻችን የመጀመሪያውን «ፈጅሩል ካዚብ»፣ ሁለተኛውን «ፈጅሩ ሷዲቅ» ብለው ለይተውታል። ሐሰተኛው ከምሥራቅ በኩል ወደ ላይ እንደ ዐምድ ቀጥ ብሎ ይወጣል፤ ዐረቦች ከቅርጹ የተነሣ ከተኩላ ጅራት ጋር ያመሳስሉታል። ጥቂት ቆይቶ ይደበዝዝና ጨለማው መልሶ ይውጠዋል። እውነተኛው ግን በአድማሱ ላይ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይዘረጋል፤ እየደመቀ ይሄዳል እንጂ አይጠፋም።

በመዲና ለዚሁ ሁለት ሙአዚኖች ነበሩ። ሐበሻው ቢላል (ረ.ዐ) ገና ሌሊት ሳለ አዛን ያደርግ ነበር። እውነተኛው ጎሕ ሲቀድ ደግሞ ኢብኑ ኡሚ መክቱም (ረ.ዐ) ያደርግ ነበር። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ሶሓቦቻቸው በቢላል አዛን ሱሑራቸውን እንዳያቋርጡ፣ የኢብኑ ኡሚ መክቱምን አዛን እንዲጠብቁ አስተምረዋል። ይህንን በልባችሁ ያዙልኝ፤ መጨረሻ ላይ እንመለስበታለን።

ዛሬ የማወራችሁ ስለ ሌላ ጎሕ ነው። አላህ የፈጠረው ይህ ሰፊ ዩኒቨርስ አንድ ወቅት ላይ ከዋክብት የሌሉበት ጨለማ ነበር። ከዚያ የመጀመሪያዎቹ ከዋክብት በሩ። ይህ የንጋቶች ሁሉ መጀመሪያ መቼ ነበር? ሳይንቲስቶች ይህንን ለማወቅ ከ20 ዓመት በላይ ሲለኩ ቆይተዋል። በመጀመሪያ ያወጁት ጎሕ ሐሰተኛ ሆኖ ተገኘ። እንዴት ተሳሳቱ? እንዴትስ ታረሙ? ታሪኩ ለእኛም ትልቅ ትምህርት አለው። (በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሐሰተኛው ጎሕ ከምን ይመጣል?

ፈጅሩል ካዚብ የዓይን ቅዠት አይደለም። በፕላኔቶች መካከል በጣም ደቃቅ አቧራ ተበትኖ ይገኛል። ፀሐይ ገና ከአድማሱ በታች ርቃ ሳለች ብርሃኗ ይህንን አቧራ እየመታ ወደ እኛ ይበተናል። በአውሮፓ ይህንን ብርሃን በደንብ አጥንቶ በፀሐይ ዙሪያ ካሉ ደቃቅ ነገሮች ጋር ያያያዘው ጆቫኒ ካሲኒ ነው፤ ጊዜው 1683 ነበር። ሙስሊሞች ግን ከዚያ አንድ ሺህ ዓመት ቀድመው፣ ምክንያቱ ባይነገራቸውም፣ ከእውነተኛው ጎሕ ለይተው ያውቁት ነበር። ሶላታቸውና ጾማቸው በእሱ ላይ የቆመ ነበርና።

እውነተኛው ጎሕ የሚመጣው ግን ከእኛው ከባቢ አየር ነው። ፀሐይ ከአድማሱ በታች 18 ዲግሪ ገደማ ስትደርስ ብርሃኗ የላይኛውን አየር መንካት ይጀምራል። ይህ ዲግሪ ዛሬም ያከራክራል። ሙስሊም ወርልድ ሊግ 18፣ የመካው ኡሙል ቁራ 18.5፣ ግብፆች 19.5፣ የሰሜን አሜሪካው ኢስና 15 ይጠቀማሉ። የስልካችሁ የሶላት አፕ ከመስጂዳችሁ አዛን ጋር የማይገጥመው ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው።

በ11ኛው ክፍለ ዘመን የአንደሉሱ ሊቅ ኢብኑ ሙዓዝ አል-ጀያኒ ስለ ጎሕና ስለ ወጋገን አንድ ድርሳን ጽፎ፣ ከጎሑ ዲግሪ ተነሥቶ ብርሃኑን የሚበትነው አየር ምን ያህል ከፍ እንደሚል አስልቷል። መጽሐፉ ወደ ላቲን ተተርጉሞ በአውሮፓ ለዘመናት ተነቧል። ነገር ግን አንባቢዎቹ ጸሐፊው ታላቁ ኢብኑል ሀይሠም ነው ብለው ያምኑ ነበር። እውነተኛው ጸሐፊ አል-ጀያኒ መሆኑን ዐብዱልሐሚድ ሰብራ የተባሉ ግብፃዊ ምሁር ያረጋገጡት በ1967 ነው። ልብ በሉ፤ ለብዙ መቶ ዓመታት ሁሉም ያመነበት ነገር ወደ ምንጩ የሚመለስ ሰው እስኪመጣ ድረስ ስሕተት ሆኖ ኖሯል። የሐዲስ ዑለማዎቻችን ኢስናድን ሳያጣሩ የማይቀበሉት በከንቱ አልነበረም።

ኢብኑል ሀይሠም ራሱ የዚህ መንገድ ሰው ነበር። በ965 ገደማ በበስራ ተወልዶ በ1040 ገደማ በካይሮ ያረፈው ይህ ሊቅ፣ «ኪታቡል መናዚር» በተባለው መጽሐፉ የምናየው ብርሃን ወደ ዓይናችን ስለሚገባ እንጂ ከዓይናችን ጨረር ስለሚወጣ እንዳልሆነ በሙከራ አስረድቷል። በሌላ ድርሳኑ ደግሞ የዚያን ዘመን የሥነ ፈለክ ንጉሥ በጥሊሞስን አንድ በአንድ ተጠራጥሮ መርምሯል። የትልቅ ሰው ስም ማስረጃ አይሆንም የሚለው ሐሳብ በእሱ ሥራ ሁሉ ውስጥ አለ።

የመጀመሪያው ጉምና የጨለማው ዘመን

አሁን ወደ ዩኒቨርስ እንሂድ። በሳይንቲስቶች ልኬት ዕድሜው 13.8 ቢሊዮን ዓመት ገደማ ነው። በመጀመሪያ እጅግ የጋለ ነበር፤ ከመጋሉ የተነሣ አተም የሚባል ነገር ተያይዞ መቆም አይችልም ነበር። ኤሌክትሮኖች ለብቻቸው እየተራወጡ ብርሃንን በየአቅጣጫው ይመቱት ነበር። በከባድ ጉም ውስጥ መኪና የነዳ ሰው ይህንን ያውቀዋል፤ መብራቱ ተበትኖ ወደ ራሱ ይመለሳል እንጂ መንገዱን አያሳየውም።

380 ሺህ ዓመት ገደማ ሲያልፍ ዩኒቨርስ ቀዘቀዘ፣ ኤሌክትሮኖች ከፕሮቶኖች ጋር ተጣምረው አተም ሆኑ፣ ጉሙም ተገፈፈ። በዚያ ቅጽበት ነፃ የወጣው ብርሃን እስከ ዛሬ በየአቅጣጫው እየተጓዘ ነው። ሳይንቲስቶች «ኮስሚክ ማይክሮዌቭ ባክግራውንድ» ይሉታል፤ እኛ በዚህ ጽሑፍ «ጥንታዊው ብርሃን» እንበለው። ዛሬ በጣም ቀዝቅዞ ከፍጹም ዜሮ በላይ 2.725 ዲግሪ ብቻ ነው። አርኖ ፔንዚያስና ሮበርት ዊልሰን በ1964 በአሜሪካ ኒው ጀርሲ በአንድ ትልቅ አንቴና ሲሠሩ ከየትም ሆነ ከየት የማይጠፋ ጫጫታ ሰሙ። እርግብ በአንቴናው ውስጥ ጎጆ ሠርታ ስላገኙ ኩሱን ጠርገው አጸዱ፤ ጫጫታው ግን አልጠፋም። ያ ጫጫታ ጥንታዊው ብርሃን ነበር። በ1978 የኖቤል ሽልማት አገኙበት።

ጉሙ ከተገፈፈ በኋላ ግን ንጋት አልሆነም፤ ጨለማ ሆነ። ከዋክብት ገና አልተፈጠሩም። ዩኒቨርስን የሞላው በአብዛኛው የሃይድሮጅን ጋዝ ነበር። ይህ ዘመን «የጨለማው ዘመን» ይባላል። ከዚያ በአላህ ፈቃድ ጋዙ በየቦታው ተሰብስቦ የመጀመሪያዎቹ ከዋክብትና ጋላክሲዎች ተወለዱ። ብርቱው አልትራቫዮሌት ብርሃናቸው በዙሪያቸው ያለውን ሃይድሮጅን እየመታ ኤሌክትሮኑን ከፕሮቶኑ መልሶ ገነጠለው። አተሞቹ ዳግመኛ ስለተገነጠሉ ይህ ሂደት «ሪአዮናይዜሽን» ተባለ። የዩኒቨርስ ንጋት የምንለው ይህንን ነው። የመጀመሪያዎቹ ከዋክብት መብራት እንደ ፈጅር ነው ብንል፣ ጋዙ ሁሉ ተገንጥሎ ማለቁ ደግሞ እንደ ፀሐይ መውጣት ነው። በመካከላቸው ብዙ መቶ ሚሊዮን ዓመታት አሉ።

ንጋቱ በብርሃን ላይ የተወው ምልክት

ታዲያ ይህ ንጋት መቼ እንደሆነ በምን ይታወቃል? የመጀመሪያዎቹን ከዋክብት በቀጥታ ማየት እጅግ ከባድ ነው። ግን ምስክር አለ፤ ያው ጥንታዊው ብርሃን። ከእኛ ዘንድ ለመድረስ በዚያ ንጋት ውስጥ አልፎ መምጣት ነበረበት። በመንገዱ ላይ ዳግም ነፃ ከወጡት ኤሌክትሮኖች ጋር ተጋጭቶ የተበተነው ክፍል ምልክት ይዞ ይመጣል። ምልክቱ «ፖላራይዜሽን» ይባላል።

ብርሃን እየተወዛወዘ የሚጓዝ ሞገድ ነው። በተለመደው ብርሃን ውዝዋዜው በየአቅጣጫው ነው። ብርሃኑ ሲነጥር ወይም ሲበተን ግን አንዱ የውዝዋዜ አቅጣጫ ከሌላው ሊበረታ ይችላል፤ ፖላራይዝድ ሆነ ማለት ይህ ነው። ሾፌሮችና ዓሣ አጥማጆች የሚያደርጉት የፀሐይ መነጽር ከአስፋልትና ከውሃ ላይ የሚነጥረውን ነጸብራቅ የሚያጠፋው በዚህ ምክንያት ነው። ሰማያዊው ሰማይም ከፀሐይ 90 ዲግሪ ርቆ ባለው ክፍሉ ላይ ፖላራይዝድ ነው።

ይህንን ስም ያወጣለት ፈረንሳዊው ኤቲየን ማሉ ነው። ከ1798 ጀምሮ ከናፖሊዮን ወራሪ ጦር ጋር የዘመተ መሐንዲስ ሆኖ በግብፅ ቆይቷል፤ ኢብኑል ሀይሠም ስለ ብርሃን በመረመረባት በካይሮ ምድር ማለት ነው። በሻም ምድር በያፋ ወረርሽኝ ይዞት ለጥቂት ተረፈ። በ1808 ፓሪስ ውስጥ በአንድ ጥርት ያለ ድንጋይ በኩል ከሉክሰምበርግ ቤተ መንግሥት መስኮት የሚነጥረውን የምሽት ፀሐይ ሲመለከት፣ ድንጋዩን ሲያዞረው ብርሃኑ ሲደምቅና ሲደበዝዝ አየ። የዛሬው ታሪካችን የተገነባው በዚያ ግኝት ላይ ነው።

ጥንታዊው ብርሃንም ፖላራይዝድ ሊሆን እንደሚችል በ1968 ማርቲን ሪስ የተባለው እንግሊዛዊ ጻፈ። በ1997 ደግሞ ማቲያስ ዛልዳሪያጋ ንጋቱ በትክክል የት መፈለግ እንዳለበት አሳየ። ከኤሌክትሮኑ ዙሪያ የሚመጣው ብርሃን ከሁሉም አቅጣጫ እኩል ቢሆን ኖሮ ምልክት አይኖርም ነበር። ነገር ግን በአንድ ወገን ያለው ከሌላው ወገን በጥቂቱ ይሞቃል፤ ይህች ልዩነት ፖላራይዜሽን ትፈጥራለች። ከንጋቱ ዘመን የመጣው ምልክት በትንንሽ የሰማይ ነጥቦች ላይ ሳይሆን በሰፋፊ የሰማይ ክፍሎች፣ ከ10 ዲግሪ በሚበልጥ ስፋት ላይ ይታያል። መጠኑ ግን ከአንድ ዲግሪ አንድ ሚሊዮንኛ በታች ነው። ችግሩ እዚህ ላይ ነው።

ሳይንቲስቶች ይህንን ሁሉ በአንድ ቁጥር ያጠቃልሉታል፤ በግሪኩ ፊደል ስም «ታው» ይባላል። ታው ጥንታዊው ብርሃን በመንገዱ ላይ ምን ያህል እንደተበተነ ይነግረናል። ታው ትልቅ ከሆነ ብርሃኑ በብዙ ኤሌክትሮን ውስጥ አልፏል፤ ስለዚህ ንጋቱ ቀደም ብሎ ነበር ማለት ነው። ታው ትንሽ ከሆነ ንጋቱ ዘግይቶ ነበር ማለት ነው።

የመጀመሪያው አዛን፦ 2003

በ2002 በደቡብ ዋልታ የተተከለው ዳዚ የተባለ መሣሪያ የጥንታዊውን ብርሃን ፖላራይዜሽን ለመጀመሪያ ጊዜ አየ። ከዋነኞቹ ተመራማሪዎች አንዱ ጆን ኮቫክ ነበር፤ ስሙን አስታውሱት። ያዩት ምልክት ግን የመጀመሪያው ጉም የተገፈፈበት ዘመን ነበር እንጂ ንጋቱ አልነበረም።

በ2001 ናሳ ያመጠቃትና በኋላ በሟቹ ሳይንቲስት በዴቪድ ዊልኪንሰን ስም የተሰየመችው ደብሊውማፕ ሳተላይት ከምድር 1.5 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ርቃ መላውን ሰማይ ትለካ ነበር። በየካቲት 2003 የአንድ ዓመት ውጤቷ ይፋ ሆነ። ታው 0.17 ነው ተባለ፤ ወደ ላይም ወደ ታችም የ0.04 ጥርጣሬ ነበረው። ይህም ከ100 የጥንታዊው ብርሃን ቅንጣቶች 16 ያህሉ በመንገድ ተበትነዋል ማለት ነው። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ ከዋክብት የበሩት ዩኒቨርስ 200 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ሲሆነው ነው ተብሎ በዓለም ጋዜጦች ተጻፈ።

ግን አንድ ሌላ ምስክር ነበር። ጄምስ ገንና ብሩስ ፒተርሰን በ1965 እንዳሰሉት፣ ከሩቅ ብሩህ አካላት የሚመጣ ብርሃን ገና ባልተገነጠለ ሃይድሮጅን ውስጥ ካለፈ የተወሰነ ክፍሉ ሙሉ በሙሉ ይዋጣል። በ2001 ልክ እንዲህ ያለ ምልክት በአንድ እጅግ ሩቅ ኳሳር ላይ ታየ። ይህ የሚነግረን ዩኒቨርስ 900 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ሲሆነው ሂደቱ ገና እየተገባደደ እንደነበር ነው። አንዱ ምስክር በጣም ቀድሞ ነግቷል ይላል፤ ሌላው በጣም ዘግይቶ አልቋል ይላል። ሁለቱን ለማስታረቅ አንዳንድ ሊቃውንት ዩኒቨርስ ሁለት ጊዜ ነግቷል እስከ ማለት ደረሱ፤ አንዴ በርቶ፣ ጠፍቶ፣ እንደገና በራ ማለት ነው።

አቧራው

ስሕተቱ ከየት መጣ? የ2003ቱ ቁጥር የተወሰደው ፖላራይዜሽኑ ከሙቀቱ ልዩነት ጋር ካለው ዝምድና ነበር፤ ሙሉው የፖላራይዜሽን ካርታ ገና አልተጣራም። እኛ ያለንበት ጋላክሲ፣ ሚልኪ ዌይ፣ ራሱ በአቧራና በማግኔታዊ ኃይል የተሞላ ነው። አቧራውም ማግኔታዊው ኃይልም የራሳቸው ፖላራይዝድ ብርሃን አላቸው፤ ይህም ከምንፈልገው ምልክት በብዙ ይበልጣል። ደጃፋችን ላይ ያለውን አቧራ ሳንጠርግ የሩቁን ጎሕ እናያለን ማለት ዘበት ነው።

የደብሊውማፕ ሰዎች ግን ስሕተታቸውን ሌላ እስኪያወጣባቸው አልጠበቁም። ተጨማሪ መረጃ ሰበሰቡ፣ የጋላክሲያችንን ብርሃን በተለያዩ ሞገዶች ለክተው ቀነሱ፣ በ2006 አዲሱን ቁጥር አወጡ። 0.17 የነበረው ወደ 0.09 ወረደ። በግማሽ ማለት ነው። ራሳቸው ያወጁትን ራሳቸው አረሙት።

በዚህ መካከል አንድ ሌላ ሐሰተኛ ጎሕ ታየ። በመጋቢት 2014 ያው ጆን ኮቫክ የመራው ባይሴፕ 2 የተባለው የደቡብ ዋልታ ቡድን በጥንታዊው ብርሃን ላይ ልዩ የፖላራይዜሽን ዓይነት አግኝተናል ብሎ በታላቅ ስብሰባ አበሰረ። ይህ ስለ ከዋክብት ንጋት ሳይሆን ስለ ዩኒቨርስ የመጀመሪያ ቅጽበት ነበር። ሻምፓኝ ሲከፈት የሚያሳይ ቪዲዮ ዓለምን አዳረሰ። ዓመት ሳይሞላ፣ በ2015 መጀመሪያ፣ ከአውሮፓውያኑ ፕላንክ ሳተላይት ጋር በጋራ ሲመረመር ያዩት በአብዛኛው በአቧራ ሊገለጽ የሚችል ሆኖ ተገኘ። የጋላክሲያችን አቧራ! ፈጅሩል ካዚብ በፕላኔቶች መካከል ባለ አቧራ እንደሚያታልል ሁሉ፣ ይህኛው በከዋክብት መካከል ባለ አቧራ አታለለ። የኮቫክ ቡድን ግን ተሸንፎ አልተደበቀም፤ ከጠየቁት ሰዎች ጋር አብሮ ተቀምጦ መረመረ፣ ስሙን በእርማቱ ጽሑፍ ላይ አኖረ።

የዝምታው ትዕግሥት

በግንቦት 2009 የመጠቀው ፕላንክ መሣሪያውን እስከ አንድ አሥረኛ ዲግሪ ድረስ አቀዝቅዞ፣ ፖላራይዜሽንን በሰባት የተለያዩ ሞገዶች ለካ። ከሁሉም የሚበልጠው ጥቅሙ አቧራው በደንብ በሚታይበት ከፍተኛ ሞገድ ላይ ጭምር መለካቱ ነበር። አቧራውን ብቻውን ካየኸው ከሌላው ላይ መቀነስ ትችላለህ።

ግን ሌላ ችግር ተፈጠረ። በሳተላይቱ ላይ የሚመጣውን ሲግናል ወደ ዲጂታል ቁጥር የሚለውጡት ትንንሽ የኤሌክትሮኒክስ ክፍሎች ፍጹም እኩል አልነበሩም። ስሕተታቸው በጣም ትንሽ ነበር፤ የንጋቱ ምልክት ግን ከዚያም ያነሰ ነው። እዚህ ላይ ቡድኑ ያደረገው ነገር ይገርማል። በ2015 ሌላውን ሁሉ ውጤት ሲያወጣ፣ ከዋናው መሣሪያው የመጣውን የሰፊ ሰማይ ፖላራይዜሽን አልለቀቀም፤ ገና አልጠራም ብሎ ያዘው። ዓለም እየጠበቀ፣ ተቀናቃኞች እየሮጡ፣ ዝም አለ። ለጊዜው ከሌላኛው መሣሪያው በተገኘ መረጃ ታው 0.066 ገደማ ነው አለ። ዋናው ሲጠራ በ2016 0.055፣ በ2018 በወጣው የመጨረሻ ውጤት 0.054 ሆነ፤ ጥርጣሬውም 0.007 ብቻ ነበር።

በዚህ ቁጥር መሠረት ከ100 የብርሃን ቅንጣቶች የተበተኑት 5 ያህል ብቻ ናቸው። ንጋቱ አጋማሹ ላይ የደረሰው ዩኒቨርስ 700 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ሲሆነው ነው። ይህ ከኳሳሮቹ ምስክርነት ጋር ተገናኘ። ሁለት ጊዜ ነጋ የሚለው መላምትም አስፈላጊነቱ ቀረ። ሁለት የማይተዋወቁ ምስክሮች በሁለት የተለያየ መንገድ መጥተው አንድ ነገር ሲናገሩ ልብ ይረጋል።

ጉዳዩ የከዋክብት ዕድሜ ብቻም አይደለም። ሳይንቲስቶች ዩኒቨርስን ከሚገልጹባቸው ስድስት መሠረታዊ ቁጥሮች ውስጥ እስካሁን ደካማ ሆኖ የተለካው ታው ነው። ኒውትሪኖ የምትባለውን እጅግ ቀላል ቅንጣት ክብደት ከሰማይ ለማወቅ የሚደረገው ጥረት ሁሉ በእሱ ላይ ይንጠለጠላል። አንድ ቁጥር ሲንገዳገድ ሌሎች ብዙ ቁጥሮች አብረው ይንገዳገዳሉ።

ነገሩ አልቋል እንዴ?

አላለቀም። በታኅሣሥ 2021 የመጠቀው ጄምስ ዌብ ቴሌስኮፕ ዩኒቨርስ 300 ሚሊዮን ዓመት እንኳን ሳይሞላው ይበሩ የነበሩ ጋላክሲዎችን አሳይቷል። ብዛታቸውና ድምቀታቸው ከተጠበቀው በላይ ስለሆነ፣ ይህ ሁሉ ብርሃን ካለ ንጋቱ ለምን ቀድሞ አላለቀም የሚል ጥያቄ ተነሥቷል። በ2025 ደግሞ አንዳንድ ተመራማሪዎች ታው ወደ 0.09 ቢጠጋ፣ በጋላክሲዎች ካርታና በጥንታዊው ብርሃን መካከል የታየው አለመግባባት እንደሚቀንስ ጽፈዋል። ይህ የ2006ቱን ቁጥር የሚያስታውስ ነው። ፕላንክ ግን እንዲህ ያለውን ቁጥር አይደግፍም። በቺሊ አታካማ ተራሮች ላይ የተተከሉት የክላስ ቴሌስኮፖች ይህንኑ ምልክት ከምድር ሆነው እየለኩ ነው። ጃፓኖች የሚመሩት ላይትበርድ የተባለ ሳተላይትም በሚቀጥለው አሥርት ዓመት ለዚሁ ታቅዷል። ማለትም ሦስተኛና አራተኛ ምስክር እየተጠራ ነው።

ለእኛስ?

ውድ ወንድሞችና እህቶች! ይህንን ሁሉ የጻፍኩት በእኛው ገጾች ላይ የማየው አንድ ነገር ስለሚያሳስበኝ ነው። አዲስ የሳይንስ ዜና በወጣ ቁጥር፣ ገና ቀለሙ ሳይደርቅ፣ «ሳይንስ ቁርኣንን አረጋገጠ» የሚል ፖስት ይከተላል። በሱረቱ ፉሲለት የተጠቀሰውን ዱኻን ይዘን ከዚህ ወይም ከዚያ ቁጥር ጋር እንሰፋዋለን። ሐቁን ልናገርና እኔም በወጣትነቴ እንዲህ ያሉ ፖስቶችን ሳላጣራ አሰራጭቻለሁ። ኒያው መልካም ነው፤ ውጤቱ ግን አደገኛ ነው።

አስቡት። በ2003 አንድ ወንድም ታው 0.17 ነው የሚለውን ዜና ይዞ፣ ከዋክብት በ200 ሚሊዮን ዓመት መብራታቸውን ከአንድ አያ ጋር አያይዞ ቢጽፍ ኖሮ፣ በ2006 ምን ይል ነበር? በ2018ስ? የ2014ቱን የባይሴፕ ዜና ከአላህ ቃል ጋር ያያያዘ ሰው አቧራ ሆኖ ሲገኝ ምን ይል ነበር? ወጣት ልጁ መጥቶ «አባዬ፣ ሳይንሱ ተለወጠ፤ ቁርኣኑስ?» ብሎ ቢጠይቀውስ? የማይለወጠውን የአላህን ቃል በሚለዋወጥ የሰው ልኬት ላይ የሰቀለው ያ ሰው ነው እንጂ ቁርኣኑ አይደለም። የአላህ ቃል የሰው ማረጋገጫ አያስፈልገውም። ሳይንስን ደግሞ በራሱ ሚዛን እንመዝነው፤ ቁጥሩ ምን ያህል ጥርጣሬ አለው፣ ማን ደገመው፣ አቧራው ተጠርጓል ወይ?

ሱረቱል ሑጁራት ዜና ሲመጣልን አጣርተን እንድንቀበል ያዘዘችው ለሐሜትና ለጦርነት ወሬ ብቻ ነው ብለን አንወስን። የቡኻሪና የሙስሊም (ረሒመሁሙላህ) መንገድ ይህ ነበር። የኢብኑል ሀይሠም መንገድም ይህ ነበር። በዚህ ታሪክ ውስጥ ያየናቸው ሰዎች አብዛኞቹ ሙስሊም አይደሉም፤ ግን ስሕተታቸውን በአደባባይ ማረማቸው፣ ያልጠራውን መያዛቸው፣ ከተቃወማቸው ጋር አብረው መመርመራቸው ከአባቶቻችን የምናውቀው አማና ነው። ጥበብ የሙእሚን የጠፋች ንብረት ናት ስንል የት እንደጠፋች ብቻ ሳይሆን የት እንደተገኘችም እንመልከት።

በመጀመሪያ ወደ ያዝነው ነገር ልመለስ። ኢብኑ ኡሚ መክቱም (ረ.ዐ) ዓይነ ስውር ነበር። ጎሑን በዓይኑ አያይም። ታዲያ እንዴት የእውነተኛው ጎሕ ሙአዚን ሆነ? ነጋ፣ ነጋ ብለው እስኪነግሩት ድረስ አዛን አያደርግም ነበር። ዓይን ያላቸውን ሰዎች ይጠብቅ ነበር። መዲና በሙሉ በእሱ ድምፅ ጾሙን የሚጀምረው እሱ ስለማይቸኩል ነው።

እኛም በዚህ ጉዳይ ዓይነ ስውር ነን። ሳተላይት የለንም፤ ጥንታዊውን ብርሃን በዓይናችን አናየውም። ግን የምንጠብቀውን እንምረጥ። አንዱ አይቻለሁ ባለ ቁጥር ሰገነት ላይ ወጥተን ከመጮህ፣ ታማኝ ምስክሮች ነጋ፣ ነጋ እስኪሉን ድረስ እንታገስ። ያን ጊዜ የሚሰማው አዛን በኋላ የምናፍርበት አይሆንም።

አላህ ጠቃሚ ዕውቀትን ይጨምርልን፤ ሐቁን ሐቅ አድርጎ ያሳየን፤ ለመከተልም ይርዳን። ወላሁ አዕለም።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።